የአበባ ሸክላ ለምን ይነጣል?

የአበባ ሸክላ ሲነጣ የሚታዘዘው መድኃኒት አንድ ነው፦ አቼቶ። ጎረቤትም፣ መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጠውም፣ የአትክልት መጽሐፉም ይኼንኑ ይላሉ። አንዳንዱ ሸክላ በአቼቶ ይጠራል። አንዳንዱ ንቅንቅ አይልም። ጥቂቱ ደግሞ ለሳምንት ያህል ቀልቶ ይሰነብትና እንደገና ይነጣል፤ ያጠበውም ሰው በደንብ ያልፈተገው መስሎት መልሶ ይፈትገዋል። ጥፋቱ ግን ከክንዱ አይደለም። በሸክላ ላይ የሚታየው ነጭ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ነው፤ አመጣጡም፣ የሚለቅበት መንገድም፣ ስለ ተክሉ የሚናገረውም ይለያያል። የተለመደው ምክር ሦስቱንም በአንድ ጠርሙስ ለማጠብ ይሞክራል።

በመጀመሪያ ነጩ እንዴት ውጭ ድረስ እንደሚደርስ። ልባስ ያልተቀባ ሸክላ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ለምግብ የምንጠቀምበትን ሸክላ እንዲሁ አንተወውም፤ ምጣዱን በጎመን ዘር እናስሰዋለን፣ ድስቱንና ጀበናውን እናሟሻቸዋለን፤ ቅባቱ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። የአበባውን ሸክላ ግን ማንም አያሟሸውም፣ ማሟሸትም አያስፈልግም፤ ሥሩ አየር የሚያገኘው ሸክላው ስለሚተነፍስ ነው። ተክሉ ሲጠጣ ውሃው ከአፈሩ ወደ ግድግዳው ይሰርጋል፣ ግድግዳውን አልፎ ይወጣል፣ ውጭ ላይ ይተናል። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው። አብሮት የመጣው ማዕድን በደረቀበት ይቀራል። ነጩ በሸክላው ወገብ ላይ ቀበቶ የሚሠራው፣ በከንፈሩ ዙሪያ የሚወፍረው፣ ፀሐይ በሚያገኘው ጎን የሚበረታው ለዚህ ነው።

መጠኑ ትንሽ አይደለም። የውሃ ጥንካሬ የሚለካው በአንድ ሊትር ውስጥ ባለው የካልሲየም ካርቦኔት ሚሊግራም ሲሆን፣ የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ እስከ 60 ያለውን ለስላሳ፣ ከ180 በላይ ያለውን በጣም ጠንካራ ብሎ ይመድባል። ጥንካሬው 300 የሆነ ውሃ በሳምንት አንድ ሊትር የሚጠጣ ተክል በዓመት 52 ሊትር ይጠጣል። ከታች የሚፈስ ትርፍ ከሌለ በአፈሩና በሸክላው መካከል የሚቀረው ማዕድን 15 ግራም ተኩል ያህል ነው፤ ሞላ ያለ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማለት ነው። አምስት ዓመት አንድ ሸክላ ውስጥ የኖረ ተክል አምስት ማንኪያ ኖራ ተሰጥቶታል። ማዳበሪያው ገና አልተቆጠረም።

የመጀመሪያው ነጭ ይኸው ኖራ ነው፤ ካልሲየም ካርቦኔት። ኖራ በንጹሕ ውሃ አይሟሟም ማለት ይቻላል፤ አንድ ሊትር ውሃ ሊያሟሟው የሚችለው ከ15 ሚሊግራም ብዙም አይዘልም። ዝናብ ግን ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየያዘ ሲሰርግ ለዘብ ያለ አሲድ ይሆናል፣ የኖራ ድንጋዩንም ወደ ባይካርቦኔት ለውጦ ይዞት ይሄዳል። ባሌ ውስጥ የወይብ ወንዝ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ወደ 15 ኪሎ ሜትር የፈለፈለው በዚህ ሥራ ነው። ውሃው ሸክላ ላይ ሲደርቅ ነገሩ ይገለበጣል፦ ጋዙ ያመልጣል፣ ባይካርቦኔቱ ተመልሶ ኖራ ይሆናል፣ ከዚያ ወዲያ ውሃ ብቻውን አያነሳውም። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውም ይኸው ነው።

ውሃው ጠባዩን የሚወርሰው ከሥሩ ካለው ድንጋይ ነው። የሲሚንቶ ፋብሪካ ያለበት አካባቢ የኖራ ድንጋይ ቅርቡ አለ፤ ድሬዳዋ፣ መቀሌና ሙገር ለዚህ ምስክር ናቸው። ድሬዳዋ ውስጥ ቧንቧ በኖራ ሲጠብ፣ የማንቆርቆሪያ ቂጥ ሲወፍር እያየ ያደገ ሰው ስለ ነጭ ሸክላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። አዲስ አበባ ግን እሳተ ገሞራ በተፋው ድንጋይ ላይ የተቀመጠች ናት። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው በዝናብ የተጠራቀመ ውሃ ማዕድኑ ያነሰ ነው፤ ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች የሚሳበው ከድንጋይ ጋር ረጅም ጊዜ ስለቆየ ይበዛበታል። በአንድ ከተማ ውስጥ የአንዱ ሰፈር ሸክላ ከሌላው ቀድሞ ቢነጣ አይገርምም። በእንግሊዝኛ ተጽፎ የሚደርሰን የአጠባ ምክር ብዙው እንደ ለንደን ያሉ፣ ውሃቸው በጠመኔ ድንጋይ ውስጥ አልፎ የሚመጣላቸውን ከተሞች ልምድ የያዘ ነው። እዚያ ነጩ ዘወትር ማለት ይቻላል ኖራ ነው፣ አቼቶም ዘወትር ይሠራል። እኛ ዘንድ የማይሠራበት ጊዜ ቢበዛ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ነጭ በውሃ በቀላሉ የሚሟሟው የጨው ዘር ነው፤ እኔ እንደማየው በከተማ ቤቶች በረንዳ ላይ ከኖራው የበለጠ የሚከሰሰው እሱ መሆን ነበረበት። ከየት ይመጣል? ከማዳበሪያ፤ ለእርሻ የተሠራ ዳፕ በእፍኝ ለአንድ ሸክላ ይበተናል። ከአመድ፤ "ለአበባ ጥሩ ነው" ተብሎ ከከሰል ምድጃ የሚገለበጠው የእንጨት አመድ ፖታሽ የሞላበት ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከእጣቢ። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የልብስ እጣቢ ለአትክልት ሲሰጥ ማየት የተለመደ ነው፤ ቁጠባው የሚመሰገን ቢሆንም የዱቄት ሳሙና በአብዛኛው የሶዲየም ውሁዶች ድብልቅ ነው። ሶዲየም ተክሉን ብቻ ሳይሆን አፈሩንም ይጎዳል፤ የሸክላ አፈሩን ቅንጣት ይበታትነውና ሲደርቅ ድንጋይ፣ ሲርስ ጭቃ ያደርገዋል። የምስር፣ የሩዝ ወይም የአትክልት እጣቢ ጨው ካልገባበት ይህ ችግር የለበትም። ልዩነቱን ለሠራተኛም ለቤተሰብም አንዴ መንገር ሸክላውን ዓመት ሙሉ ከመፈተግ ያድናል።

በስምጥ ሸለቆ ደግሞ ሶዲየሙ በሳሙና መምጣት አያስፈልገውም፤ ውሃው ራሱ ይዞት ይመጣል። ሶዳ አሽ ሲመረትበት የኖረው የአብያታ ሐይቅ በዚያው መስመር ላይ ነው። የብዙ ጉድጓዶቹ ውሃ ሶዲየም ባይካርቦኔት ያመዝንበታል፤ ፍሎራይዱም የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ብዙ ቦታ ላይ ያልፋል። እንደ ድራሲና ያሉ የቅጠላቸው ጫፍ በፍሎራይድ የሚቃጠል ተክሎች እዚያ ቢቸገሩ የሸክላው አጠባ አያድናቸውም።

ሦስተኛው ነጭ ጀሶ ነው፤ ካልሲየም ሰልፌት። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከራሱ ከሸክላው ጭቃ ነው። ገና ተክል ያልገባበት፣ ከገበያ የመጣ አዲስ ሸክላ አንዴ ረጥቦ ሲደርቅ ነጭ ዱቄት ቢያወጣ የሰው ጥፋት የለበትም፤ ጭቃው ውስጥ የነበረ ሰልፌት ነው የወጣው። የጡብ ፋብሪካዎች ይህንን ለመከላከል ጭቃው ላይ ባሪየም ካርቦኔት ይጨምራሉ። ጀሶ አስቸጋሪ ጠባይ አለው። አቼቶ አይነካውም። ውሃ ያሟሟዋል፣ ግን በዝግታ፦ የገበታ ጨው በአንድ ሊትር ውሃ 360 ግራም ያህል ሲሟሟ ጀሶ ሁለት ግራም ተኩል እንኳ አይሞላም። ስለዚህ አንዴ አለቅልቆ መተው ዋጋ የለውም፤ ውሃ እየቀያየሩ መዘፍዘፍን ይፈልጋል።

ማዕድን ያልሆነም ነጭ አለ። በጣት ሲነካ የሚጠፋ፣ በጥላና በእርጥበት የሚመለስ፣ ጸጉራም የሆነ ሻጋታ ነው። የቅጠሉና የግንዱ መጋጠሚያ ላይም ጥጥ መሳይ ነገር ካለ ተባይ ነው፤ ሸክላውን ትቶ ተክሉን ማየት ይገባል። ሸክላው ላይ ትንሽ ጉድጓድ ከፍቶ መካከሉ ላይ እንደ እህል ፍሬ የተቀመጠ ነጭ ነጥብ ደግሞ በጭቃው ውስጥ የቀረ የኖራ ድንጋይ ቅንጣት ነው። ከ800 ዲግሪ ገደማ በላይ ሲተኮስ ያልጠፋ ኖራ ሆኖ ይቆይና ኋላ ከአየሩ እርጥበት ወስዶ ሲያብጥ ሸክላውን ፈንቅሎ ይወጣል። እሱን የሚያጸዳ ነገር የለም።

ለመለየት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ሸክላው በደንብ ሲደርቅ ነጩን በጥፍር መፋቅ፤ ዱቄት ሆኖ የሚረግፍ ከሆነ ጨው ወይም ጀሶ መሆኑ ያመዝናል፣ ጥፍርን የሚመልስ ቅርፊት ከሆነ ኖራ። ከዚያ የተፋቀውን በሁለት ከፍሎ አንዱን ብርጭቆ ውሃ ውስጥ፣ ሌላውን ጥቂት አቼቶ ላይ መጣል። ውሃው ውስጥ የጠፋው ጨው ነው። አቼቶው ላይ የፈላው ኖራ ነው፤ የሚፈላው የሚያመልጠው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሶዳ ያለበት ጨው በሁለቱም ስለሚሄድ የውሃውን ፈተና ማስቀደም ይሻላል። በሁለቱም ንቅንቅ ያላለው ጀሶ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። በተግባር አንድ ያረጀ ሸክላ ላይ ሁለቱ ወይም ሦስቱ ተነባብረው ይገኛሉ፤ ኖራው ጨውን አፍኖ ከላይ ይቀመጣል።

አሁን ወደ ክርክሩ። ነጩ ተክሉን ይጎዳል ወይ? አንደኛው ወገን "ቆሻሻ ነው፣ ሥር ያቃጥላል፣ እጠበው" ይላል። ሌላው "መልክ ብቻ ነው፣ ተወው" ይላል። ሁለቱም ስለ ሸክላው ውጭ ይከራከራሉ፤ ሁለቱም የሚያዩት ቦታ የተሳሳተ ይመስለኛል። በሸክላው ውጭ ላይ የወጣ ጨው ከሥሩ የራቀ ጨው ነው፤ ሸክላው ሥራውን ሠርቷል። አሳሳቢው በአፈሩ ገጽ ላይና በከንፈሩ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ የሚጋገረው ነው። እዚያ ግንዱ ወይም የቅጠሉ አገዳ ጠርዙን ሲነካ ይቃጠላል፤ አፈሩ ውስጥ የቀረው ጨው ደግሞ ውሃ እያለ ሥሩ እንዳይስብ ያደርገዋል። ተክሉ እርጥብ አፈር ላይ ቆሞ የሚጠወልገው፣ የቅጠሉ ጫፍና ጠርዝ ቡናማ ሆኖ የሚደርቀው በዚህ ነው። ያንን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ውሃ የጠማው መስሎት ጥቂት ያጠጣል፣ ወይም የራበው መስሎት ማዳበሪያ ይጨምራል። ፕላስቲክ ውስጥ ያለው ተክል ከዚህ የባሰ አደጋ ላይ ነው፤ ፕላስቲኩ አይነጣም፣ ጨው የሚወጣበት ግድግዳ የለውም፣ ምልክትም አይሰጥም።

ይህ በረንዳ ላይ የሚሆነው ነገር በሄክታርም ሆኗል። በመካከለኛው አዋሽ፣ አሚባራ አካባቢ፣ የጥጥ እርሻው በመስኖ ሲጠጣ ኖሮ በቂ የማፋሰሻ ቦይ ስላልነበረው የከርሰ ምድሩ ውሃ ወደ ላይ ከፍ አለ። ከገጹ ላይ እየተነነ ጨውን ተወ፣ የታረሰ መሬት በጨው ምክንያት ተጥሎ ቀረ። መፍትሔ ተብሎ የተሞከረው ማሳውን መፋቅ አልነበረም፤ ከአፈሩ ሥር ማፋሰሻ ቱቦ መቅበርና በብዙ ውሃ ጨውን ወደ ታች ማጠብ ነበር። ለሸክላም ሕጉ ያው ነው፦ ከታች ቀዳዳ ይኑር፣ ውሃው አልፎ ይውጣ፣ የወጣው ተመልሶ አይጠጣ። ቀዳዳ የሌለው ሸክላ መውጫ እንደሌለው ማሳ ነው። ከሥር በተቀመጠው ሳህን ላይ ውሃ ተጠራቅሞ የሚቆይበትም እንዲሁ፤ አፈሩ የወጣውን ጨው መልሶ ይመጠዋል።

ስለዚህ ከሸክላው በፊት አፈሩን ማጠብ ይቀድማል። የአሜሪካ የግብርና ኤክስቴንሽን ጽሑፎች የሚያስተምሩት መጠን ከሸክላው ይዘት ሁለት እጥፍ ውሃ ነው። አምስት ሊትር የሚይዝ ሸክላ አሥር ሊትር ውሃ ቀስ ተብሎ ይፈስበታል፣ ከታች ሙሉ በሙሉ እንዲወጣ ይደረጋል፤ ይህ በየአራት ወይም ስድስት ወሩ ይደገማል። ገጹ ላይ የተጋገረ ቅርፊት ካለ ሳያሟሙት አስቀድሞ ማንሳት፣ ግን ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ብዙ አለመጥለቅ፤ ሥር አለ። ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ ሰው አሥር ሊትር ለአንድ አበባ ቀልድ ሊመስለው ይችላል። ሰማዩ ግን በነጻ ያደርገዋል። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፣ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፣ ማዕድንም የለበትም ማለት ይቻላል። በረንዳ ላይ በጣሪያ ተሸፍኖ የሚኖር ሸክላ ሐምሌ ላይ ለተወሰኑ ቀናት ዝናብ ስር ቢወጣ ከማንኛውም አጠባ ይበልጥለታል። ቁልቋልና እሬት መሰሎቹን ብቻ ለረጅም ጊዜ አለመተው ይሻላል።

ማጠቡ ራሱ እንዴት ይሁን? የሙዚየም ሸክላ ጠጋኞች አሠራር እዚህ ላይ ከአትክልተኛው የተሻለ ያስተምራል፤ ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ ሸክላ ጨውን ካላስወጡለት ሙዚየም ውስጥ ቆሞ ይላላጣልና። እነሱ ለሚሟሟ ጨው የሚጠቀሙት ንጹሕ ውሃ ነው፦ ይዘፈዝፋሉ፣ ይቀይራሉ፣ የውሃውን የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት እየለኩ ጨው መውጣቱ እስኪያቆም ይደጋግማሉ። አሲድን እንደ መጨረሻ አማራጭ ያያሉ፤ ጭቃው ራሱ ኖራ ካለበት አሲዱ ቆሻሻውንና ዕቃውን አይለይም።

ይህንን ወደ ቤት ስናመጣው ቅደም ተከተሉ ከተለመደው ይለያል። ተክሉ ከወጣ በኋላ ሸክላው ቢያንስ ለጥቂት ቀናት ይድረቅ፤ ሲደርቅ ጨዉ ወደ ገጹ ይወጣል። ደረቁን በጠንካራ የናይለን ብሩሽ ደጅ ላይ መጥረግ። ብዙ ሰው የሚጀምረው በውሃ ነው፣ ውሃው ደግሞ ገጹ ላይ የወጣውን ጨው አሟሙቶ ወደ ቀዳዳው ይመልሰዋል፤ ያ ነው ከሳምንት በኋላ የሚወጣው። የድስት መፈተጊያ ሽቦ አይመከርም፤ ስብርባሪው ሸክላው ላይ ቀርቶ ይዝጋል። የአሸዋ ወረቀት ከተፈለገም ሸክላውን አርጥቦ ነው፣ ደረቅ የሸክላ ብናኝ ለሳንባ መጥፎ ነው። ቀጥሎ ሸክላውን ሳፋ ወይም በርሜል ውስጥ ውሃ ሞልቶ መዘፍዘፍ፣ በማግሥቱ ውሃውን መድፋት፣ መድገም። እዚህ ድረስ አቼቶ አልተነካም፣ ከነጩም አንድ ትልቅ ድርሻ ሄዷል። የቀረው በአቼቶ ጠብታ የሚፈላ ከሆነ አሁን የአቼቶ ተራ ነው።

አቼቶውን እኩል ለእኩል ከውሃ ጋር መደባለቅ ለቀጭን ንጣት ይበቃል፤ ለወፍራም ቅርፊት ግን ሳይቀጥን። ሸክላው ሳይደርቅ፣ ቀዳዳው ውሃ እንደያዘ ይግባበት፤ ያኔ አሲዱ ወደ ውስጥ ሳይመጠጥ ገጹ ላይ ይሠራል። ሌላው ስህተት የመጠን ነው። አምስት በመቶ አሲድ ያለበት አንድ ሊትር አቼቶ በስሌት ቢበዛ 40 ግራም ያህል ኖራ ነው የሚያሟሟው። በሚረጭ ጠርሙስ ሁለት ጊዜ ነፍቶ ዓመታት የጋገሩትን ያነሳል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው፣ የተነፋው አቼቶ ቶሎ ደክሟል። መፍላቱ ከቆመ ነጩ ግን ካለ፣ አዲስ አቼቶ ጨምሮ ማየት፤ ካልፈላ ነጩ ኖራ አይደለምና አቼቶውን ለሰላጣ ማትረፍ።

ከዚያ የሚዘለለው እርምጃ ይመጣል። አቼቶ ኖራን አያጠፋውም፤ ካልሲየም አሲቴት ወደሚባል፣ በውሃ ወደሚሟሟ ሌላ ነጭ ጨው ይለውጠዋል። ሸክላው በደንብ ሳይለቀለቅ ከደረቀ ይህ ጨው ይወጣል፣ ሰውየውም ኖራው የተመለሰ ይመስለዋል። ሙዚየሞች የዚህን ዘመድ ያውቁታል፤ ከኦክ እንጨት መሳቢያ በሚወጣ የአሴቲክ አሲድ ትነት ብቻ ኖራ ባላቸው ሸክላዎችና ድንጋዮች ላይ ካልክላሳይት የሚባል ነጭ ጸጉር ይበቅላል። ስለዚህ ከአቼቶ በኋላ እንደገና ንጹሕ ውሃ፣ እንደገና መዘፍዘፍ።

ተክሉን ማውጣት ለማይፈልግ ሰው አንድ የማደንቀው ዘዴ አለ፤ እሱም ከጠጋኞቹ የተወሰደ ነው። ሶፍት ወይም አሮጌ የጥጥ ጨርቅ በንጹሕ ውሃ አርሶ በነጣው ቦታ ላይ ጥብቅ አድርጎ መለጠፍና እዚያው እንዲደርቅ መተው። ውሃው የሚተነው አሁን ከሸክላው ሳይሆን ከሶፍቱ ስለሆነ ጨዉ ሶፍቱ ውስጥ ይቀራል። ደርቆ ሲላጥ ነጩን ይዞ ይመጣል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢደገም ይበቃል። ለኖራ አይሠራም፤ ለማዳበሪያና ለሳሙና ጨው ግን ከመፈተግ የበለጠ ነው።

ስለ ሌሎቹ መድኃኒቶች ባጭሩ። የሎሚ ጭማቂ አምስት ስድስት በመቶ ያህል ሲትሪክ አሲድ ስላለበት ከአቼቶ አያንስም፤ ጥያቄው ዋጋው ነው። ቤኪንግ ሶዳ እንደ ለስላሳ መፈተጊያ ያገለግላል፣ ኖራ አያሟሟም። አቼቶና ሶዳን ደባልቆ አረፋ ማየት የሚያስደስት ቢሆንም አሲዱ ሶዳውን ሲያጠፋ ሶዳውም አሲዱን ያጠፋል፤ የሚቀረው ጨዋማ ውሃ ነው። በረኪና ሌላ ሥራ አለው፦ የታመመ ተክል የነበረበትን ሸክላ፣ ከታጠበ በኋላ፣ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ አድርጎ ለአሥር ደቂቃ መዘፍዘፍ ከበሽታ ያጸዳዋል። ኖራን አይነካም። በረኪናና አቼቶ ግን በአንድ ሳፋ ውስጥ አይገናኙ፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ለመጸዳጃ ቤት የሚሸጠው ኃይለኛ አሲድ ኖራውን በደቂቃ ይበላዋል፤ እጅ ያቃጥላል፣ ጭሱ ሳንባ ይጎዳል፣ ቀዳዳው ውስጥ ክሎራይድ ትቶ ለሚቀጥለው ንጣት ዘር ይዘራል። ለአበባ ሸክላ ሲባል ቤት ውስጥ እሱን የሚከፍት ሰው ከሸክላው ይልቅ ለራሱ ይዘን።

ሸክላ ያልሆኑት ብዙ አያነጋግሩም። ፕላስቲክና በልባስ የተለበጠ ዕቃ ላይ ነጩ ከገጹ አያልፍም፤ ለብ ያለ ውሃና አቼቶ በጨርቅ ይበቃል። ሲሚንቶ ሌላ ነው፤ የሚነጣው ከራሱ ሆድ በሚወጣ ኖራ ነው፣ አሲዱም ነጩን ሲበላ ሲሚንቶውን አብሮ ይበላዋል፣ ስለዚህ ብሩሽና ውሃ ብቻ። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮም አሲድ አይወድም። የእብነ በረድ ወለል ላይ ቆሞ ሸክላ በአቼቶ የሚያጥብ ሰው ደግሞ ወለሉን ያጣል፤ እብነ በረድ ያው ኖራ ነው።

ተመልሶ እንዳይነጣ ማድረግ የውሃ ጉዳይ ነው። ጠንካራ ውሃ ፈልቶ ሲቀዘቅዝ ከኖራው ከፊሉ ከሥር ይዘቅጣል፣ የላይኛውን ቀስ ብሎ መቅዳት ይቻላል፤ ነዳጁ ግን ለሁለት ሦስት ለሚወደዱ ተክሎች ካልሆነ አያዋጣም። ድሬዳዋ ላይ ከአየር ማቀዝቀዣ የሚንጠባጠበው ውሃ ማዕድን የለውም፣ በባልዲ ቢጠራቀም ከቧንቧው ይሻላል። ውሃ ማለስለሻ መሣሪያ ያስገባ ቤት ግን ተክሉን ከመሣሪያው በፊት ካለው ቧንቧ ያጠጣ፤ መሣሪያው ካልሲየሙን አውጥቶ በምትኩ ሶዲየም ነው የሚሰጠው፤ ሸክላው ላይነጣ ይችላል፣ ተክሉ ግን ይከፍላል።

የቀለሙን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ንጣቱን ለመደበቅ ሸክላውን ዘይት ቀለም መቀባት በየግቢው ይታያል። ውስጡን ትቶ ውጩን ብቻ የቀባ ሰው ጨዉን መንገድ አልዘጋበትም፤ ከቀለሙ ሥር ይጠራቀምና ቀለሙን እያሳበጠ ይገሸልጠዋል። መቀባት ከተፈለገ አስቀድሞ ውስጡን መድፈን፣ ከዚያም ዕቃውን እንደ ፕላስቲክ ቆጥሮ ውሃውን መቀነስ ነው። በምግብ ዘይት ማሸት ለጥቂት ሳምንት ያጠቁራል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ በቃ። በሌላ በኩል እንግሊዝና አሜሪካ አዲስ ሸክላ ያረጀ እንዲመስል እርጎና የኖራ ውሃ የሚቀቡ አትክልተኞች አሉ። እኔም ዕድሜ የሰጠውን ስስ ንጣት ከእነሱ ጋር ሆኜ እወደዋለሁ፤ አፈሩ ከታጠበና ከንፈሩ ከተጸዳ ወገቡ ላይ ያለው ቀበቶ ማንንም አይጎዳም።

የታጠበ ሸክላ ወዲያው ተክል አይገባበትም። አሲድ ከነካው የአቼቶ ሽታው እስኪጠፋ ይለቅለቅ፣ ይድረቅ፣ ነጭ መልሶ ማውጣት አለማውጣቱ ይታይ። ሊተከልበት ሲል ደግሞ ለሰዓት ያህል ውሃ ይጠጣ፤ ደረቅ ሸክላ ለአዲሱ ተክል የተሰጠውን የመጀመሪያ ውሃ ከአፈሩ መጥጦ ይወስደዋል። ከሥር ገል መደርደር ለማፋሰስ ይረዳል የሚለው ልማድ ግን አይረዳም፤ ውሃው ከገሉ በላይ ባለው አፈር ውስጥ ይቆማል። ቀዳዳውን የምትሸፍን አንዲት ገል ወይም የወንፊት ቁራጭ በቂ ናት።

ገጹ እንደ ቅርፊት የሚላላጥ፣ በጣት ሲጫኑት የሚፈረፈር ሸክላ ከአጠባ አልፏል። ቀዳዳው ውስጥ እየበቀለ የሚሰፋው የጨው ክሪስታል ግድግዳውን ከውስጥ ከፋፍሎታል፣ መዘፍዘፉም ሊያፈርሰው ይችላል። ቅርጹ ከተወደደ ደረቁን ጠርጎ፣ ተክሉን በፕላስቲክ ተክሎ እሱን ሸክላው ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ ፕላስቲኩ ከሸክላው ከንፈር ሁለት ጣት ዝቅ ካለ አይታይም።